ዋርካዋን በሽማግሌ የጠየቅን ለት

ይንገሩን ያሉኝ ልጆቹ ናቸው። ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ቃልኪዳን ጓደኞቿን አስከትላ መጣችና "እምዬ፣ ዛሬ እኛ ነን ጋባዦች" ብላ ክንዴን ይዛ ወደ ሞሉ ወሰደችኝ። ፎቁ ላይ አውጥተው ከመስታወቱ አጠገብ አስቀመጡኝና በኩባያ ቀዝቃዛ ነገር አመጡልኝ፤ ጥርሴን ጠዘጠዘኝ እንጂ ጣዕሙስ ደግ ነው። ቁልቁል ስናይ ዋርካዋ ከግቢው መካከል ተንሰራፍታለች፤ ቅርንጫፏ እኛ እስካለንበት ደርሶ ነፋስ ሲመጣ መስታወቱን ያብሳል። ከሥሯ ቅቤ ሻጮቹ ተደርድረዋል፤ ልጄ የኔዓለምም ከመካከላቸው አለች። ከቃልኪዳን ጓደኞች አንዱ ስልኩን እያሻሸ "እማማ፣ ሕንጻው እዚህ ጋ ለምንድን ነው የተጣመመው? ኢንጂነሩ ተሳስቶ ነው?" አለኝ። ሳቄ አመለጠኝ። "አልተሳሳተም ልጄ፤ እኛ ነን ያጣመምነው" አልሁት። "እናንተ እነማን?" "እኔና ቅቤ ተራ።" ከዚያ ወዲያ ማን ይልቀቀኝ! እንግዲህ ይኸው፣ እንደምናገረው አድርጌ ጻፍሁት። ፊደል የለቀምሁት ልጆቼ ሲያጠኑ ከጎናቸው ጥጥ እየፈተልሁ ነውና ከመንገድ ብወጣ ታገሡኝ፤ መመለሴ አይቀርም።

እኔ የቋሪት ልጅ ነኝ፣ ከገበዝ ማርያም ወዲያ። ወደ ፍኖተ ሰላም የወረድሁት አዲስ ሙሽራ ሆኜ ነው። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። ሴቱ አቡጀዴ ቀሚስ ለብሶ ጥለቱ በቀላ ነጠላ የሚደምቅበት፣ ኮንጎ ጫማ ያላት ሴት መንገዱን ሁሉ በእጇ ይዛው መጥታ ገበያው አፋፍ ላይ እግሯን ታጥባ የምታጠልቅበት ዘመን ነው። ዛሬ ባጃጅ እንደ ንብ የሚርመሰመስበት ዋናው መንገድ ያኔ የጋሪ ብቻ ነበር፤ የፈረሱ ቃጭል ከሩቅ ሲሰማ ቅዳሜ መሆኑን ያልቆጠረ ሰውም ያውቃል። ከጋሪ ማቆሚያው ማዕዘን አንድ ልብስ ሰፊ በእግር መኪናው ይቀመጣል። ሬዲዮ ያለው እሱ ብቻ ስለነበር ዘፈን ያማረው ሁሉ ደህናውን ቀሚስ የሚጠገን አስመስሎ ይዞት ይመጣል፤ እሱም ያውቃል፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ መርፌውን ሲፈልግ ይቆያል። እኔ ራሴ አንዷን ነጠላዬን ስንት ጊዜ እንዳስዘመዘምኋት! በመጨረሻው ዝምዝማቱ ከነጠላው በልጦ አረፈው።

አማቴ በመጀመሪያው ቅዳሜ የሳምንቱን ቅቤ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ አሸከመችኝና "ቅቤ ተራ የት ነው ብለሽ ጠይቂ" ብላ ላከችኝ። ደረስሁ፣ ባዶ ቦታ አየሁ፣ ጨርቄን አነጠፍሁ፣ ቅጠሌን ገልጬ ተቀመጥሁ። በእኛ በደጋው ቅቤ ፀሐይ ላይ ቢውልም ያው ድንጋይ ነው፤ እንዲያውም ለገዥው ለስለስ እንዲልለት ብለን ሆን ብለን ፀሐይ እናሳየዋለን። እኔም የለመድሁትን አደረግሁ። ገበያው ገና ሳይሞላ አንዲት ረጅም ሳቂታ ሴት ከማዶ ሆና "አንቺ የደጋ ልጅ! ቅቤሽ ትታሽ እየሄደች ነው፣ ሩጪና ተከተያት!" ብላ ጮኸች። ጎንበስ ብል እውነትም ቅቤዬ በቅጠሉ ጫፍ አድርጋ ቁልቁል እየወረደች ነው። ተራው ሁሉ ሳቀ። ሴትዮዋ ግን ተነስታ መጣችና የቀረችውን በመዳፏ ሰብስባ ወስዳ ከአንዲት ትንሽ ዛፍ ሥር አኖረችልኝ። በኋላ እማማ ጥሩወርቅ ያልናት እሷ ናት፤ ያኔ ገና እታለም ጥሩወርቅ ነበረች።

ያች ትንሽ ዛፍ ነች እንግዲህ ዋርካዋ። ቁመቷ ከሰው ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ ጥላዋ ለቅቤው እንጂ ለእኛ አይበቃም። ስለዚህ የቅቤ ተራ ወግ እንዲህ ነበር፦ ቅቤው ሁሉ፣ የማንም ይሁን፣ አንድ ላይ ከጥላው ሥር ይደረደራል፤ እኛ ባለቤቶቹ ዙሪያውን ፀሐይ ላይ እንቀመጣለን። ፀሐይ ስትዞር "ተነሱ፣ ጥላ ዞረ!" ይባልና ሁላችንም ተነስተን ቅቤውን እንደ ሕፃን አቅፈን ወደ ጥላው እናሻግራለን። የየራሳችንን የምናውቀው ቅጠሉ በታሰረበት ሰንበሌጥ ነው፤ አንዷ ድርብ ታስራለች፣ አንዷ ጠምዝዛ፣ እኔ የቋሪቱን ቋጠሮ። ዛፏ ስታድግ ደግሞ ጥላው ከቅቤው ተርፎ ወደ ሰው መምጣት ጀመረ። የሚገባው በዕድሜ ነው፤ መጀመሪያ ትልልቆቹ፣ ከዚያ ተከታዮቹ። "እንኳን ጥላ ደረሰሽ" እንባባል ነበር፣ እንደ ልደት። እኔ ዘመኔን የምቆጥረው በዚያ ነው። ጥላ የደረሰኝ የኔዓለምን የፀነስሁ ጊዜ ነው። ፀሐዩ እንዲያ ሲያቃጥለኝ ከርሞ የመጀመሪያዋን ቅዳሜ ከቅጠሉ ሥር ስቀመጥ፣ ገላዬን ወንዝ የነከርሁት ያህል ነው የተሰማኝ።

ገዥውስ! ቅቤ ገዥ ጭልፍ አድርጎ እጁ ላይ ያሸዋል፣ ያሸተዋል፤ ከዚያ ወዴት ይጥረገው? ራሱ ላይ ነዋ። አንዲት የጅጋ ሴት ነበረች፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከተራው ጫፍ ጀምራ እስከ ጫፉ ስትቀምስ ትውልና አንዳች ሳትገዛ ሽሩባዋን አውዝታ ትሄዳለች። እታለም ጥሩወርቅ "የኔ እመቤት፣ ግንባርሽ ቀረሽ፣ ነይ እንጂ!" ትላታለች። ሴትዮዋም ሳታፍር ትመለሳለች። ማሲንቆ መቺውም እንዲሁ ነው፤ አወድሶን ሲያበቃ ደመወዙ አናቱ ላይ የሚደረግለት ቅቤ ነበር፤ "አደራ፣ ጭራው ላይ እንዳይነካብኝ!" እያለ ማሲንቆውን ወደ ኋላ ይደብቃል። በስሙኒ የሚሸጥ ነበር፣ በሽልንግ የሚሸጥ ነበር፤ በሽልንጉ ጨው ገዝቼ፣ ሻሽ ገዝቼ፣ በጋሪ ጉብ ብዬ እገባለሁ። ከፊት ለፊታችን ጨርቅ ተራ ነው። ከቡሬ በበቅሎ ጭነው የሚመጡ ሐጂ ኑሩ የሚባሉ ነጋዴ ነበሩ፤ ቀይ ጢም፣ ለስላሳ አንደበት። እኛ በሁዳዴ ጦመን ቅቤው ሲከማችብን ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘይነባ ከነጎረቤቶቻቸው መጥተው ይገዙን ነበር፤ እኛም በረመዳን ማታ ለሚያፈጥሩበት መርጠን ለጋውን እናኖርላቸዋለን። ማምሻውን ገበያው ሲበተን መሬት ላይ የሚቀረው ቅጠል ብቻ ነው፤ እሱንም አህዮቹ እየበሉ ያፀዱታል። ፌስታል የሚባል ነገር ስሙንም አልሰማን።

ወደ ሞሉ ልመለስ። ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ሐጂ ኑሩ ልጃቸው ከማል ገና ሕፃን ሳለ አርፈው፣ ከማል አድጎ፣ ነግዶ፣ ከሸሪኮቹ ጋር ያን የገበያ ሜዳ በሊዝ ያዘው። አንድ ቅዳሜ ብንመጣ ትልቅ ሰሌዳ ተተክሏል። መስታወት በመስታወት የሆነ ሕንጻ፣ ሱሪ የለበሱ ሴቶች፣ ዙሪያውን እንደ መጫወቻ የተደረደሩ ድቡልቡል ዛፎች። የኔዓለም "አረንጓዴ ሞል ይላል" ብላ አነበበችልን። ደጋግመን ፈለግናት፤ ዋርካችን ሥዕሉ ላይ የለችም። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ቤታችን የቆመው በቅቤ ነበር፤ ለየኔዓለምም ጥላው ገና በዚያው ክረምት መድረሱ ነው። ጥላ ከሌለ ቅቤ የለም። ቅቤ ከሌለ እኔና ልጄ ምን ይዘን ገበያ እንወጣለን?

ቀበሌ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራን። አንድ ደስ የሚል ወጣት ኢንጂነር ቆመና "ሕንጻው አረንጓዴ ነው" አለ። "ቀለሙ ነው ልጄ?" አለች አንዷ። "አይደለም እናቴ፣ ለአካባቢ የሚስማማ ማለት ነው። የዝናቡ ውኃ ከጣሪያው ይጠራቀማል። መብራቱ ከፀሐይ ይመጣል። ፌስታል አይገባበትም፤ ዕቃ የሚጠቀለለው መሬት ላይ ሲወድቅ በሚበሰብስ ነገር ነው።" እማማ ጥሩወርቅ በክርኗ ጎሰም አደረገችኝ። "አንጓቼ፣ ይሄ ልጅ የሚያወራው ስለ እኛ ነው እንዴ?" ሳቃችንን በነጠላ አፈንን። ልጁ ቀጠለና "ለሚቆረጠው ዛፍ ምትክ ደግሞ ከከተማው በላይ ኮረብታው ላይ ብዙ እጥፍ ችግኝ እንተክላለን" አለ። ሳቁ ቆመ። "ልጄ፣ የችግኙ ጥላ የሚደርሰን መቼ ነው?" አልሁት። ራሱን አከከ። "ለቅቤው እኮ ፍሪጅ ይገባል እናቴ፣ ዘመናዊ።" እማማ ጥሩወርቅ ብድግ አለችና "ፍሪጅ የገባ ቅቤ እንዴት ተብሎ እጅ ላይ ይታሻል? የጅጋ ሴቶች ራሳቸውን በበረዶ ሊቀቡ ነው?" ስትል አዳራሹ ፈነዳ፤ ኢንጂነሩም አብሮ ሳቀ፣ ዕንባው እስኪመጣ። ደግ ልጅ ነበር። ግን መሳቅና መቁረጥ አብረው ይሄዳሉ።

ወንዶቹን ሽማግሌዎች ለመንናቸው። "ልማት ነው፤ አዲሱ ገበያ ሂዱና ጃንጥላ ዘርጉ" አሉን። የዚያን ቀን ማምሻ ከዋርካዋ ሥር ቀርተን ማንም አልተነሳ። እማማ ጥሩወርቅ ግንዷን ተደግፋ "ሰው የሰው ልጅ ሲፈልግ ምን ያደርጋል?" አለች። "ሽማግሌ ይልካል" አልናት። "እንላክ እንግዲህ።" "እምቢ አሉን እኮ፣ ማንን እንልካለን?" "ራሳችንን።" እኔ "ሴት ሽማግሌ ሆና በር ስትቆም የት ታየ?" ብላት "ጥርስ የለኝ፣ ምርኩዝ አለኝ፣ ጢም ብቻ ነው የጎደለኝ፤ እሱንም ቀረብ ብለሽ ካየሽው አለ" አለችኝ።

እናም ነጭ በነጭ ለብሰን፣ ራሳችንን ተቀብተን፣ ለጋ ቅቤ በኮባ ጠቅልለን ሚኒባስ ተሳፈርን። ረዳቱ "እናቶቼ፣ ሰርግ ነው እንዴ?" አለን። "ለሰርግ ገና ነን፤ ልጅ ልንጠይቅ ነው።" "ቆንጆ ናት?" "ቁመቷ ከዚህ መኪና ይበልጣል" ስትለው እማማ ጥሩወርቅ፣ እስከ ማንኩሳ ድረስ ዞር እያለ ሲያያት ሄደ። ቡሬ ገብተን የሐጂ ኑሩን ቤት ጠየቅን። ወይዘሮ ዘይነባ ለሕክምና አዲስ አበባ ሌላው ልጃቸው ዘንድ ሄደው ኖሮ የተቀበለን ከማል ነው። "ቤት ለእንግዳ!" "እንዴ፣ እናቶቼ! ግቡ፣ ተቀመጡ!" "አንቀመጥም" አለች እማማ ጥሩወርቅ። ከማል ክው አለ። የአገሩ ልጅ ነዋ፤ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አልቀመጥም ሲል ምን እንደሆነ ያውቃል። "ልጅህን ለወገናችን ልንጠይቅ ነው የመጣነው።" ከጓዳ ሚስቱ ብቅ አለች፣ ሕፃኗን አቅፋ። "ኧረ በአላህ! ልጄ ገና አፏን አልፈታችም!"

"ከቤትህ አይደለም" አለች እማማ ጥሩወርቅ። "ከሜዳህ ነው። ያች ረጅሟ፣ ዓመት ሙሉ የማትራገፈው። ሰው ሁሉ ከሥሯ ያደገ፣ እሷ ግን ማንንም 'ዞር በል' ያላለች። እሷን ነው የፈለግን።" ያን ጊዜ ገባው። መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ፊቱን በእጁ አሸ። "እናቶቼ፣ ፕላኑ አልቋል። ሸሪኮቼ ምን ይሉኛል? ስንት ሱቅ እንደሚቀርብን ታውቃላችሁ?" ወንበር ሳበልን። "ተቀመጡ እንጂ!" አልተቀመጥንም። ሲጨንቀው በቀልድ ሊያመልጠን ፈለገ። "ደግሞስ እኔ አባቷ አይደለሁም! ማን እንደተከላት አላውቅም። ልጅ የሚጠየቀው ከወላጅ ነው፤ ወላጇን ፈልጋችሁ ጠይቁ።"

እውነቱን ነበር። ማን እንደተከላት ከእኛም የሚያውቅ የለም፤ እማማ ጥሩወርቅ ራሷ ቅቤ ተራ ስትገባ ዛፏን ቆማ ነው ያገኘቻት፤ ከፊሉ ወፍ ነው ይላል፣ ከፊሉ መነኩሴ።  እማማ ጥሩወርቅ ግን ምርኩዟን ይዛ አንድ እርምጃ ቀረበችው። "አባት የሌላት ልጅ በወንድሟ እጅ ትዳራለች። ይሄም ወጋችን ነው። አንተ ወንድም ሁናት።"

 የከማል ዓይን ምርኩዟ ላይ ነበር። ከረጅሙ መንገድና ከመቆሙ የተነሳ ምርኩዟ ወለሉን ጠቅ ጠቅ ያደርጋል። ሚስቱ "አንተ!" አለችው። "እሺ" አለ ከማል። "እሺ እናቶቼ፣ ወንድሟ ነኝ። ሰጠኋችሁ። ተቀመጡልኝ ብቻ!" እልልታችንን ስናቀልጠው ጎረቤት ሁሉ "የማን ሰርግ ነው?" እያለ ወጣ። "ጥሎሽስ?" አለ፣ አሁን ከልቡ እየሳቀ። "በየዓመቱ ለእናትህ ለጋ ቅቤ" አልነው፤ የያዝነውን ቀብድ ብለን እዚያው አስረከብነው።

ኢንጂነሩ ሲሰማ ከእኛ በላይ ነው አሉ የተደሰተ፤ ሕንጻውን እንደ ክርን አጥፎ ዛፏን አቅፎ አዲስ ሣለው። ሞሉ ሲመረቅ በሩ ላይ "ዛፋችንን ጠብቀን የሠራን" የሚል ጽሕፈት ተሰቀለ። የኔዓለም ስታነብልን ተራው ሁሉ አጉረመረመ፤ እማማ ጥሩወርቅ "ይበል፣ ወንድሟ አይደል!" ብላ አሳቀችን። ሁሉ ደግ ሆነ አልላችሁም። ሸክላ ሻጮቹና ጌሾ ሻጮቹ ወደ ከተማው ዳር፣ ወደ አዲሱ ገበያ ሄዱ፤ ማሰሮ ሲንኳኳ የሚሰማው ድምፅ ዛሬም ይናፍቀኛል። ከኮረብታው ችግኝ የበዛውን ፍየል በላው። ፌስታሉም በፊት በር ተከልክሎ በኋላ በር ገባ። የጣሪያው ውኃ ግን እውነት ነው፤ እንደዚያ ያለ ንጹሕ መጸዳጃ ቤት እኔ በዕድሜዬ አላየሁም፣ ጉዳይ ሳይኖረኝም እገባለሁ። እማማ ጥሩወርቅ ከዋርካዋ ሥር፣ ከግንዱ አጠገብ ካለው የመጀመሪያው ጥላ፣ በሸመገለ ዕድሜዋ እየሳቀች ኖራ አረፈች። ዛሬ ጥላው ከቅቤ ተራ አልፎ ደረጃው ላይ ደርሷል፤ ቡና የሚጠጣውም፣ ስልክ የሚያወራውም ተራ ሳይጠብቅ ይቀመጥበታል። ልጆቹ "እንኳን ጥላ ደረሰሽ" ሲባል አያውቁም።

እማማ ጥሩወርቅ ካረፈች ከዓመታት በኋላ ነው፣ ወይዘሮ ዘይነባ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ሞሉን ሊያዩ መጡ። ቅቤ ተራ ሲደርሱ የከማልን ክንድ ለቀቁና ግንዷን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። "አየህ፣ የአባትህ ችካል!" አሉት። ምን ማለትዎ ነው አልናቸው። "ሐጂ ለበቅሎው ማሰሪያ ቢያጣ ከወንዝ ዳር እርጥብ የዋርካ እንጨት ቆርጦ እዚህ ቸከለ። በሌላው ቅዳሜ ቢመለስ ችካሉ ቅጠል አውጥቷል። 'በቅሎዬን የያዘችልኝን እንዴት ብዬ እነቅላታለሁ' አለና እሾህ አጠረላት፣ በየገበያው ውኃ ያጠጣት ጀመር።" "ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ምነው ሳይነግሩን?" አልኋቸው። "ማን ጠየቀኝ አንጓች? እኔ ደግሞ ሁላችሁ የምታውቁት ይመስለኝ ነበር።" ከማል ወደ ግንዷ ቀረበ። እሳቸው ፊቱን ዳበስ አደረጉትና "አንተ ገና አልተወለድህም። ማታ ቤት ሲገባ 'የፍኖተ ሰላሟ ልጄ ዛሬም ቅጠል ጨመረች' ይለኝ ነበር" አሉት። ለካ ታላቅ እህቱ ኖራለች።